ኢኮኖሚ ሲዳከም መንግሥት ቀበቶውን ያጥብቅ ወይስ እጁን ይፍታ?

ጥያቄ፦ የማታ አንባቢ

ሰላም ወገኖች። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከርንበት ነገር ስላለ ነው የመጣሁት። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። አቋሙ አጭር ነው። «ገቢው የቀነሰ ቤት ወጪውን ይቀንሳል። መንግሥትም ቤት ነው። በዕዳ ላይ ዕዳ ጨምሮ ያለፈለት ሰው አይተህ ታውቃለህ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰው ሥራ አጥቶ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ባለበት ሰዓት መንግሥት ጭራሽ ወጪ ከቀነሰ ነገሩ ይብሳል ባይ ነኝ። ግን «ለምን ይብሳል? አስረዳኝ» ሲለኝ አፌ ተያዘ። ስሜት እንጂ ማስረጃ አልነበረኝም።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይባስ ግራ ገባኝ። ግሪክ ከ2010 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ደመወዝ ቆረጠች፣ ጡረታ ቆረጠች፣ ታክስ ጨመረች። ዕዳዋ ግን ከምርቷ ጋር ሲነጻጸር አደገ እንጂ አልቀነሰም። ሰው ቆጥቦ እንዴት ዕዳው ይጨምራል? በሌላ በኩል አሜሪካ በ2021 ለሕዝቧ ገንዘብ አከፋፈለች፤ በዓመቱ የኑሮ ውድነቱ ሰማይ ነካ። ወንድሜ ይሄንን እያነሳ «አየህ?» ይለኛል።

እባካችሁ ጎራ ለይታችሁ አትሰዳደቡ። እኔ አሠራሩን ነው መረዳት የምፈልገው። ገንዘቡ ከየት ወጥቶ የት ይገባል? መቀነስ መቼ ይጎዳል፣ መቼስ ይጠቅማል? ከተቻለ በቁጥር አሳዩኝ። ወንድሜ የሚያምነው ቁጥር ብቻ ነው።

መልስ፦ ሒሳብ አስተማሪ

ወንድምህ የሚለው ነገር ለአንድ ቤት ልክ ነው። ምሳሌው የሚሰበረው አንድ ቦታ ላይ ነው። አንተ ቤትህ ውስጥ ወጪ ብትቀንስ ደመወዝህ አይቀንስም፤ ደመወዝህን የሚከፍልህ ሌላ ሰው ነዋ። የመንግሥት ወጪ ግን የሌላ ሰው ገቢ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ግብር ከፋይ ነው። ስለዚህ መንግሥት ወጪ ሲቆርጥ የራሱን ግብር ከፋይ ገቢ ነው አብሮ የሚቆርጠው።

አንድ ግንበኛ እንውሰድ። ሥራ ካጣ ስምንት ወሩ ነው፣ ቱንቢው አቧራ ጠጥቷል። መንግሥት የተሰነጠቀ የትምህርት ቤት ግድግዳ አሠራውና 100 ከፈለው፤ በፈለግከው ገንዘብ ቁጠረው። ግንበኛው 20 ግብር ከፈለ፣ 10 ለክፉ ቀን አስቀመጠ፣ በ70ው ለልጁ ጫማ፣ ለቤቱ የሚያስፈልገውን ገዛ። ያ 70 የጫማ ሰሪውና የሌሎቹ ሻጮች ገቢ ሆነ። እነሱም ግብራቸውን ከፍለው፣ ትንሽ አስቀምጠው፣ 50 ገደማውን መልሰው አወጡት። እንዲህ እያለ ይሄዳል። 100ው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ አልቆመም፤ በየደረሰበት ቦታም ለመንግሥት ግብር እያስገባ ነው ያለፈው። ኢኮኖሚስቶች ማባዣ የሚሉት ይሄንን ነው፤ መንግሥት አንድ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የአገሪቱ ምርት በስንት ይጨምራል ወይ ይቀንሳል ነው ጥያቄው።

ልብ በል፣ ይሄ ሁልጊዜ አይሠራም። ግንበኞች ሁሉ ሥራ ላይ ከሆኑ መንግሥት የሚቀጥረው ግንበኛ ከሌላ ሰው ግንባታ ላይ ተነቅሎ ነው የሚመጣው። ያኔ ግድግዳ አልተጨመረም፣ የግንበኛ ዋጋ ብቻ ነው የተወደደው። ማባዣው ትልቅ የሚሆነው ሰውና ማሽን ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ ነው።

አሁን ወደ ግሪክ እንምጣ። ይሄን ለወንድምህ በወረቀት ሥራለት። የአገሪቱ ዓመታዊ ምርት 100 ነው እንበል፣ ዕዳዋ 130። በጀቷ ደግሞ ለቀላልነት ገቢና ወጪው እኩል ነው። መንግሥት 5 ቆረጠ። ምርት በ1 ሲቀንስ የታክስ ገቢ በ0.4 ይቀንሳል ብለን እንያዝ።

ማባዣው 0.5 ከሆነ ምርቱ በ2.5 ወርዶ 97.5 ይሆናል። ታክሱ በ1 ይቀንሳል። ስለዚህ መንግሥት 5 ቆርጦ በእጁ የሚቀረው 4 ነው፤ ዕዳው 126 ይሆናል። 126ን ለ97.5 አካፍለው፣ 129 በመቶ ነው። ጥሩ፣ ትንሽ ቀነሰ።

ማባዣው 1.5 ከሆነስ? ምርቱ በ7.5 ወርዶ 92.5። ታክሱ በ3 ቀነሰ። በእጁ የቀረው 2 ብቻ ነው፤ ዕዳው 128። አካፍለው፣ 138 በመቶ። ቆረጠ፣ ሕዝቡ ተቸገረ፣ የዕዳው ሸክም ግን ከ130 ወደ 138 ወጣ። ወንድምህ «ሰው ቆጥቦ እንዴት ዕዳው ይጨምራል?» ካለ መልሱ ይሄው ነው። የሚካፈልበት ቁጥር ከዕዳው ይበልጥ ፈጥኖ ወረደ።

ይሄ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በዚያን ጊዜ የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ኦሊቪዬ ብላንሻር ከባልደረባቸው ዳንኤል ሊ ጋር በ2013 አንድ ጥናት አወጡ። ትንበያ ሠሪዎቹ ማባዣው 0.5 ገደማ እንደሆነ ቆጥረው ነበር። በቀውሱ መጀመሪያ ዓመታት የነበረው እውነተኛ መጠን ግን ከ0.9 እስከ 1.7 ይደርስ እንደነበር ነው ያገኙት። ከዚያች የነጥብ ስሕተት ጀርባ ያለው ሕዝብ ነው። የግሪክ ኢኮኖሚ አንድ አራተኛው ገደማ ጠፋ። በ2013 ከሚሠራውና ሥራ ከሚፈልገው መቶ ሰው 27ቱ ሥራ አልነበረውም። ዕዳው በ2009 ከምርቱ 127 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2012 የግል አበዳሪዎች ብዙ ዕዳ ከሰረዙላት በኋላ እንኳ በ2013 ከ170 በመቶ በላይ ሆነ።

መልስ፦ የበጀት ሰው

እኔ ከወንድምህ ጎን ነኝ፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ሒሳብ አስተማሪ፣ ስሌትህ ልክ ነው ግን አንድ ጥያቄ ዘለልክ። የሚያበድረው ማን ነው? በምንስ ገንዘብ? ይሄን ሳይመልሱ ስለ ማነቃቂያ፣ ማለትም ኢኮኖሚውን ለማንቃት ስለሚወጣ ገንዘብ ማውራት «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ነው።

ስሪላንካን ተመልከቱ። በ2019 መጨረሻ መንግሥት ኢኮኖሚውን አነቃቃለሁ ብሎ ታክስ ቀነሰ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱን ከ15 ወደ 8 በመቶ አወረደው። ወዲያው ወረርሽኙ መጣና ቱሪዝሙ ቆመ። የውጭ ዕዳዋ በዶላር ነው፣ ዶላር ደግሞ የእሷ ማዕከላዊ ባንክ አያትምም። በኤፕሪል 2022 የውጭ ዕዳ መክፈል አቁሜያለሁ አለች። ሰው ለነዳጅ ቀናት ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የዋጋ ንረቱ 70 በመቶ ገደማ ደረሰ። እንዲህ ላለ አገር «ማባዣው ትልቅ ስለሆነ አውጡ» ብትለው በምን ያወጣል?

የራሷ ገንዘብ ያላት አገርም ብትሆን አበዳሪ ሲደነግጥ አትችለውም። ብሪታንያ በሴፕቴምበር 2022 የሊዝ ትረስ መንግሥት 45 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚያስከትል የታክስ ቅነሳ አወጀ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚሸፈን ግን አልተናገረም። በቀናት ውስጥ የመንግሥት ቦንድ ወለድ ተተኮሰ። የጡረታ ፈንዶች ሊናጉ ሲሉ ማዕከላዊ ባንኩ ገብቶ ቦንድ ለመግዛት ተገደደ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ለቀቁ።

ቆርጦ የተሳካለትም አለ። ካናዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ፌዴራል መንግሥቱ ከሚሰበስበው ገቢ ከሦስት አንዱ ገደማ ለወለድ ብቻ ይሄድ ነበር። በ1995 የገንዘብ ሚኒስትሩ ፖል ማርቲን ከባድ የቅነሳ በጀት አቀረቡ። በ1997-98 በጀቱ ትርፍ አሳየ፣ ኢኮኖሚውም አልወደቀም። ላትቪያም ከ2008 በኋላ መራራውን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ጠጥታ ከ2011 ጀምሮ ማደግ ጀምራለች።

አሁን ደግሞ ከልቤ የሚያንገበግበኝን ልናገር። አንድ መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ክፍል ውስጥ ስሠራ «አውጡ» የሚባል ገንዘብ እንዴት እንደሚወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያልተነካ ገንዘብ ካለ ይመለሳል ተባለ። የሚመለስ በጀት ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀነሳል፣ ስለዚህ ማንም ማስመለስ አይፈልግም። ማንም ያልጠየቀው 60 ወንበር ገዛን። ካርቶናቸው ሳይከፈት መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓመት ቆዩ። የርክክብ ሰነዱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ስለዚህ «መንግሥት ገንዘብ ያውጣ» ሲባል እኔ የምጠይቀው ምን ላይ፣ በማን ቁጥጥር፣ መቼስ ይቆማል ብዬ ነው። ጊዜያዊ የተባለ ወጪ አንዴ ከገባ አይወጣም።

መልስ፦ ወደ ኋላ ተመልካች

የበጀት ሰው፣ ስለ ወንበሮቹ የጻፍከው ልቤን ነካው፤ ሌላው ግን በደንብ መታየት አለበት። ካናዳ ስትቆርጥ በጎን ምን እየሆነ ነበር? ገንዘቧ ረክሶ ነበር፣ ወለድ እየወረደ ነበር፣ ዋና ደንበኛዋ አሜሪካ ደግሞ ታላቅ ዕድገት ላይ ነበረች። መንግሥት የለቀቀውን ቦታ ወደ ውጭ የሚላከው ምርት ያዘው። ግሪክ እነዚህ ሦስቱ አልነበሯትም። ገንዘቧ ዩሮ ስለሆነ ማርከስ አትችልም፣ ወለዱን የሚወስነው ሌላ ነው፣ ጎረቤቶቿም በዚያው ሰዓት ራሳቸው እየቆረጡ ነበር። ሁሉም በአንድ ቀን ሻጭ ልሁን ሲል ገዢ ከየት ይመጣል?

ላትቪያንም አንስተሃል። አዎ አገገመች። ግን ከምርቷ አንድ አምስተኛው ያህል ከጠፋ፣ ሥራ አጥነቱ 20 በመቶ ገደማ ከደረሰና ብዙ ወጣት ሻንጣውን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው። የሄደው ሰው በሥራ አጥነት ቁጥር ውስጥ አይታይም፤ አገሪቱ ግን አጥታዋለች።

የብሪታንያው የ2022 ነገር ደግሞ እኮ የዋጋ ንረቱ 10 በመቶ አካባቢ እያለ የተደረገ ነው። ሒሳብ አስተማሪ እንዳለው ግንበኞቹ ሁሉ ሥራ ላይ እያሉ ሌላ ግንበኛ መጥራት ነው። የእኛ ጥያቄ ስለ ደካማ ኢኮኖሚ ነው።

በደካማ ኢኮኖሚ ላይ መቁረጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት 1937ን የሚያህል የለም። አሜሪካ ከታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ከ1933 ጀምሮ እያገገመች ነበር። ሥራ አጥነቱ ገና ከፍተኛ ነው፣ ግን ይወርዳል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አሁንስ በቃ፣ በጀቱን ላመጣጥን አሉና ወጪ ቀነሱ። በዚያው ዓመት ለማኅበራዊ ዋስትና የሚቆረጠው አዲስ ታክስ ጀመረ። ማዕከላዊ ባንኩም ባንኮች የሚይዙት መጠባበቂያ እንዲበዛ አደረገ። ሦስቱ አንድ ላይ መጡ። በወራት ውስጥ የኢንዱስትሪው ምርት አንድ ሦስተኛ ገደማ ወደቀ። በ1938 ጸደይ ሩዝቬልት ተመልሰው ወጪ ጨመሩና ነገሩ ቀና አለ። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ኬንስ በዚያው በ1937 መንግሥት የሚቆጥብበት ጊዜ ገበያው ሲደራ እንጂ ሲቀዘቅዝ አይደለም ብሎ የጻፈው ሰሚ አላገኘም ነበር።

ጀርመን ደግሞ አለ። ከ1930 እስከ 1932 ቻንስለር ብሩኒንግ ደመወዝና ጡረታ በአዋጅ እየቆረጡ፣ ታክስ እየጨመሩ ሄዱ። በ1932 መጀመሪያ ሥራ አጡ 6 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሂትለር መምጣቱን ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉንም በቅነሳው አላሳብብም። ግን ሥራ የሌለው 6 ሚሊዮን ሰው ቁጣ እንደዋዛ የሚታይ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። በ2010 ራይንሃርት እና ሮጎፍ የተባሉ የታወቁ ኢኮኖሚስቶች ዕዳቸው ከምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች አማካይ ዕድገታቸው ከዜሮ በታች ይወርዳል የሚል ውጤት አወጡ። የብዙ አገር ፖለቲከኞች ይሄን ቁጥር እያነሱ ቅነሳውን ተከራከሩለት። በ2013 አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለቤት ሥራው ስሌቱን ደግሞ ሊሠራው ሞከረ፣ አልመጣለት አለ። የኤክሴል ፋይሉን ጠይቆ ሲያይ ቀመሩ አምስት አገሮችን ዘሏል። ይሄና ሌሎች የአሠራር ግድፈቶች ሲስተካከሉ ከዜሮ በታች የነበረው አማካይ 2.2 በመቶ ሆነ። ዕዳ አይጎዳም ማለት አይደለም። 90 ላይ ገደል አለ የሚለው ግን አልነበረም። ጃፓን ከምርቷ 200 በመቶ በላይ ዕዳ ይዛ ለዓመታት በዜሮ አካባቢ ወለድ ስትበደር ነበር፤ ዕዳው በራሷ ገንዘብ፣ አብዛኛውም ለራሷ ሰው ስለሆነ። ብሪታንያም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣችው 250 በመቶ ገደማ ዕዳ ተሸክማ ነው፤ በዚያ ዕዳ ላይ ሆና ነው በ1948 የሕዝብ ጤና አገልግሎቷን ያቋቋመችው።

መልስ፦ ጥገና ክፍል

ስለ ኢኮኖሚክስ ብዙ አላውቅም። «መቀነስ» ሲባል የሚቀነሰው ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ፤ የውኃ መስመር ጥገና ላይ ዓመታት ሠርቻለሁ። ቅነሳ ሲመጣ ደመወዝ መንካት ይከብዳል፣ ሰው ይጮኻል። ጡረታ መንካት ይከብዳል። የማይጮኸው ጥገና ነው። ቧንቧ አፍ የለውም።

እኛ ጋ የሆነው ይሄ ነው። አንድ ዋና መስመር መጋጠሚያ ላይ ጎማው አርጅቶ ውኃ ያንጠባጥባል። ጎማው ርካሽ ነው፣ ሁለት ሰው በግማሽ ቀን ይቀይረዋል። የግዥ ጥያቄ ጻፍኩ፤ «በወጪ ቅነሳ ምክንያት ለጊዜው ይቆይ» የሚል ማኅተም ተመታበት። በዓመቱ ደግሜ ጻፍኩ፣ ያው ማኅተም። በሦስተኛው ዓመት ውኃው ከሥር አፈሩን ጠርጎ ጨርሶ መንገዱ ተደረመሰ። መስመሩን፣ መንገዱን፣ የተጎዱትን ቤቶች ለመሥራት የወጣውን ገንዘብ ከዚያች ጎማ ጋር ማወዳደር ያሳፍራል። በሦስቱም ዓመት ግን ሪፖርቱ ላይ «ቁጠባ» ተብሎ ተመዝግቧል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? እኛ ቅጠሉን ነው የቆጠብነው።

መልስ፦ የማታ አንባቢ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስሌቱን ወንድሜ ፊት ሠራሁት። ደብተሩን ተቀብሎኝ ማባዣውን እየቀያየረ ራሱ አምስት ስድስት ጊዜ ሠራው። በ1 ሲሠራው 129 ነጥብ ምናምን፣ አሁንም ትንሽ ይቀንሳል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ አሜሪካስ?» አለኝ። እሷን አልመለሳችሁልኝም።

መልስ፦ ሒሳብ አስተማሪ

ወንድምህ ቁም ነገረኛ ሰው ነው፣ ሰላም በልልኝ። 1 ላይ ያገኘው ግን ልክ አይደለም። ዕዳው 127፣ ምርቱ 95 ይሆናል፣ ሲካፈል 133 እና ከዚያ በላይ ነው የሚመጣው እንጂ 129 አይደለም፤ አንዱን መስመር ዘሎታል መሰለኝ፣ ደግማችሁ እዩት። መገልበጫው ከ1 በታች ነው፣ 0.6 አካባቢ። ዕዳው ትልቅ የሆነ አገር በትንሽ ማባዣም ይገለበጥበታል ማለት ነው፤ ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ አሜሪካ፣ ሁለቱን ጊዜ ለያይተህ እይ። ከ2008ቱ ቀውስ በኋላ በ2009 የወጣው ማነቃቂያ 787 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ብዙ ይመስላል፤ ከተፈጠረው ጉድጓድ አንጻር ግን ያንስ ነበር፣ ክፍለ ግዛቶቹም በዚያው ሰዓት የራሳቸውን ወጪ እየቆረጡ ነበር። ሥራ አጥነቱ በኦክቶበር 2009 10 በመቶ ደረሰ። የጠፋው የሥራ ብዛት ተመልሶ እስኪሞላ እስከ 2014 ፈጀ። ያኔ የዋጋ ንረት ይመጣል ብለው ያስፈራሩ ብዙ ነበሩ፣ አልመጣም።

በ2020 ግን ማርች ላይ ብቻ 2.2 ትሪሊዮን ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ 900 ቢሊዮን ገደማ ተጨመረ። በማርች 2021 ሌላ 1.9 ትሪሊዮን። ሥራ አጥነቱ በኤፕሪል 2020 ከ14 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2021 መጨረሻ ከ4 በታች ወረደ። ስድስት ዓመት የፈጀው ነገር በሁለት ዓመት አለቀ። ዋጋው ግን በጁን 2022 9.1 በመቶ የደረሰ የዋጋ ንረት ነው፣ በ40 ዓመት ያልታየ። ሁሉንም ለማነቃቂያው መስጠት ልክ አይደለም፤ በዩሮ አገሮችም፣ ያን ያህል ቼክ ሳይታደል፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከ10 በመቶ በላይ ሆኗል። የዕቃ አቅርቦት ተዛብቶ ነበር፣ የዩክሬን ጦርነት ኃይልና እህል አስወድዷል። ግን አሜሪካ ያወጣችው ገንዘብ የራሱን ድርሻ አላዋጣም ማለትም አይቻልም።

ደግሞ ይሄን ለወንድምህ ንገረው። በ2021 መጀመሪያ ላይ የመጨረሻው ፓኬጅ በዝቷል፣ ኢኮኖሚው ከሚጎድለው በላይ ነው ብለው ካስጠነቀቁት አንዱ ማን መሰለህ? ብላንሻር ናቸው። ለግሪክ «የቅነሳውን ጉዳት አሳንሰን አይተነዋል» ያሉት እኚያው ሰው። ሐሳብ ቀይረው አይደለም። በሁለቱም ጊዜ የለኩት አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠው አቅም ስንት ነው፣ የሚወጣው ወይም የሚቆረጠው ገንዘብስ ስንት ነው።

መልስ፦ የበጀት ሰው

የጥገና ክፍሉን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያንን ማኅተም እኔም መትቼ አውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ ቅነሳ ሲታዘዝ የምንቆርጠው የሚባክነውን ሳይሆን የማይናገረውን ነው። ይሄን አምናለሁ።

የማልለቀው አንድ ነገር አለ። ማነቃቂያ ሲታወጅ የሚያበቃበት ሁኔታ አብሮ በሕግ ይጻፍ። «ሥራ አጥነቱ ከዚህ ሲወርድ ይቆማል» ተብሎ በቁጥር። ለሥራ ፈላጊ የሚሰጥ ድጎማ ለዚህ ነው የሚሻለው፤ ሰው ሥራ ሲያጣ በራሱ ይጨምራል፣ ሥራ ሲያገኝ በራሱ ይቀንሳል፣ ማንም ስብሰባ አይጠራበትም። ገንዘቡም የሚደርሰው ወዲያው ለሚያወጣው ሰው ነው። 60 ወንበር አይገዛበትም።

መልስ፦ የማታ አንባቢ

ሒሳብ አስተማሪ፣ ልክ ነህ፣ 133 ነጥብ 7 ነው የሚመጣው። ወንድሜ አንድ መስመር ዘሎ ነበር፣ ሁለታችንም አላየነውም።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የቀረው፣ እኔም የምጋራው ነው። «ይሁን፣ በክፉ ቀን ያውጣ። ግን በደግ ቀን ማን ያስቀምጣል? ሲመቸው የቆጠበ መንግሥት አሳየኝ» ይላል። አለ ወይ?

መልስ፦ ወደ ኋላ ተመልካች

አለ፣ ቺሊ። የመንግሥቱ ገቢ በመዳብ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል። ከ2001 ጀምሮ አንድ ደንብ ይዘው ሄዱ። መንግሥት የሚያወጣው ዘንድሮ መዳብ በሸጠበት ዋጋ ልክ ሳይሆን፣ መዳብ በረጅም ጊዜ ያወጣል ተብሎ በሚገመተው ዋጋ ልክ ነው። ግምቱን የሚሰጡት ደግሞ ሚኒስትሮቹ አይደሉም፤ ከመንግሥት ውጭ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። የዘንድሮው ዋጋ ከግምቱ በላይ ከሆነ ትርፉ ይቀመጣል።

በ2000ዎቹ አጋማሽ መዳብ ተወደደና ገንዘቡ ጎረፈ። የገንዘብ ሚኒስትሩ አንድሬስ ቬላስኮ አላወጣም አሉ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ ገንዘቡ ተቀምጦ እኛ ለምን እንቸገራለን እያለ ሰልፍ ወጣ። ሚኒስትሩ በዚያን ጊዜ በብዙ ሰው ዘንድ የተጠሉ ነበሩ። ከዚያ የ2008ቱ ቀውስ መጣ፣ የመዳብ ዋጋ ተሰበረ። በጃንዋሪ 2009 ቺሊ 4 ቢሊዮን ዶላር ማነቃቂያ አወጀች፣ ከምርቷ 3 በመቶ ሊሞላ የቀረበ። ለዚህ የማንንም አበዳሪ ደጅ አልጠናችም። ለድሃ ቤተሰቦች ገንዘብ ተሰጠ፣ ግንባታ ተጀመረ፣ ሚኒስትሩም በሕዝብ አስተያየት ከተወዳጆቹ አንዱ ሆኑ።

ወንድምህ ቁጥር ከወደደ ያንን ደንብ ፈልጎ ያንብበው። በተለይ የመዳቡ ግምት እንዴት እንደሚሰላ፤ እያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱን ቁጥር ይሰጣል፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ወጥተው የቀሩት አማካይ ነው የሚወሰደው።